«ፍላን»ና «እንገር»፦ የምግብ ስም ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የትርጉም ረቂቅ እንዳይና እንዳርም ቀርቦልኝ ነበር። ዋናው ጽሑፍ በአማርኛ የተዘጋጀ የሕይወት ትውስታ ነው። ባለታሪኩ በጋይንት፣ በቤተ ልሔም አካባቢ ተወልዶ ገና በልጅነቱ ወደ ኩባ ለትምህርት የተላከ ሰው ነው። እንደሚታወቀው ከሶማሊያ ጋር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከተደረገው ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹም በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ወደ ኩባ ተሻግረው «የወጣቶች ደሴት» በሚባለው ስፍራ ተምረዋል። እነዚህ ልጆች ስፓኝኛን የለመዱት ከመምህር አንደበት ብቻ ሳይሆን ከገበታም ጭምር ነበር። ባለታሪኩም በመመገቢያ አዳራሹ ያየውን ሲተርክ እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር ጽፏል፤

«ፍላኑን ያቀረቡልን ዕለት የቤታችን እንገር መስሎኝ ዐይኔ ጥጃውን ፈለገ።»

ወጣቱ ተርጓሚ «ፍላን» የሚለውን ሳይነካ አልፎ «እንገር» የሚለውን «ካስተርድ» ሲል መልሶታል። በእንግሊዝኛው ሰዋስው ላይ ምንም እንከን የለም። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛውን ብቻ የሚያነብ ሰው ካስተርድ ያየ ልጅ ጥጃ የሚፈልግበትን ምክንያት ሊያገኝ አይችልም። ልጁ በዚያች ቅጽበት አገሩን፣ በረቱንና እናቱን በአንድነት አስታውሶ ሳለ፣ በትርጉሙ ውስጥ የሚታየው ግን ነገር የተምታታበት ልጅ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ስሞች ጉዳይ በመመርመር የምግብ ስም በሚተረጎምበት ጊዜ ተርጓሚው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባውን ለማመልከት ይሞክራል።

በመጀመሪያ ቀላል የሚመስለውን እንመልከት። «ፍላን» በስፓኝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከስኳር የሚዘጋጅ ማጣጣሚያ ነው። ስኳር በእሳት ቀልጦ ቡናማ ከሆነ በኋላ በዕቃው ግርጌ ይፈስሳል፤ በላዩ የወተቱና የእንቁላሉ ድብልቅ ይጨመርና ዕቃው በውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይበስላል፤ በመጨረሻም ይገለበጥና ቡናማው ከላይ ይሆናል። በአዲስ አበባ ሆቴሎች የምግብ ዝርዝር ላይ «ክሬም ካራሜል» እየተባለ የሚጻፈው ይኸው ነው። ታዲያ «ፍላን» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? መልሱ በየትኛው እንግሊዝኛ እንደሚጻፍ ይወሰናል። አሜሪካዊው ከሜክሲኮ፣ ከኩባና ከፖርቶ ሪኮ ሰዎች ጋር አብሮ በመኖሩ ስሙን ከነምግቡ ተቀብሎ «ፍላን» ይለዋል። ብሪታንያዊው ግን «ፍላን» ሲባል በዐይነ ኅሊናው የሚመጣበት ፍራፍሬ ወይም ሌላ ነገር የሞላበት፣ ከላይ ያልተከደነ የሊጥ ጋገር ነው። ስፓኝኛው «ፍላን» የሚለውን እርሱ የሚጠራው «ክሬም ካራሜል» እያለ ነው። ስለዚህም ከስፓኝኛ ወደ እንግሊዝኛ እንተረጉማለን ብለን ተነሥተን የምናርፈው በፈረንሳይኛ ስም ላይ ነው ማለት ነው።

ይህ መዘበራረቅ የመጣው ስሙ ራሱ መንገደኛ ስለሆነ ነው። ስፓኝኛው «ፍላን»ን የወሰደው ከፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛውም ከፍራንኮች ቋንቋ፣ ጠፍጣፋ ጋገርን ከሚያመለክት ቃል ያገኘው ነው። እንግሊዝኛው ቃሉን አንድ ጊዜ በመካከለኛው ዘመን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በኋላ ዘመን ከዚያው ከፈረንሳይኛ ተበድሯል። ብሪታንያ ሊጡን ስትይዝ ስፔን መሙያውን ይዛለች። የ«ካስተርድ»ም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ቃሉ የሚወጣው ቅርፊት ወይም የሊጥ ከለላ ማለት ከሆነው ከ«ክረስት» ቤተሰብ ነው፤ በመጀመሪያ የጋገሩ ስም የነበረው ከጊዜ ብዛት የውስጡ ወተትና እንቁላል ስም ሆኖ ቀረ። በ1837 እ.ኤ.አ. የበርሚንግሃሙ አልፍሬድ በርድ እንቁላል የማይስማማት ሚስቱን አስቦ ከበቆሎ ስታርች ያለ እንቁላል የሚሠራ ዱቄት ካወጣ ወዲህ ደግሞ ለብዙ ብሪታንያውያን «ካስተርድ» ማለት በኬክ ላይ የሚፈስ ቢጫ መረቅ ሆኗል። እንግዲህ ቅርፊት ከሚል ቃል ተነሥቶ ቅርፊቱን ጣለ፤ ቀጥሎም እንቁላሉን ጣለ፤ ስሙ ግን ያው ነው። በቬኔዝዌላ ደግሞ ይህንኑ የፍላን ዐይነት «ትንሽ አይብ» በሚል ስም ይጠሩታል፤ አይብ ግን የለበትም።

ለመሆኑ የምግብ ስም ይህን ያህል እንደሚንከራተት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የባለታሪኩ የትውልድ ስፍራ ራሱ ምስክር ነው። «ልሔም» በዕብራይስጥ እንጀራ ወይም ዳቦ ሲሆን፣ የዐረብኛው አቻ ግንድ «ለሕም» ሥጋ ማለት ነው። ከአንድ ጥንታዊ ሥር ወጥተው እያንዳንዱ ሕዝብ ዋና ምግቤ ያለውን በዚሁ ስም ጠርቷል። በእኛም ዘንድ «ቤተ ልሔም» ከቦታ ስምነቱ ሌላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት መጠሪያ ስለሆነ የዳቦ ትርጓሜው ሳይጠፋ ቆይቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በመንገድ ልጥቀስ፤ «ላም» የሚለውን ቃላችንን ከዚሁ «ልሔም» ጋር ለማዛመድ የሚዳዳቸው አሉ። ነገር ግን «ላም» ከግእዙ «ላህም» የሚወጣ ሲሆን እርሱ በሃሌታው ሀ፣ «ልሔም» ግን በሐመሩ ሐ ነው። ዛሬ በአነጋገራችን ሁለቱ ፊደላት አንድ ድምፅ ስለሆኑ ብቻ ሥሩን አንድ ማድረግ አያስኬድም።

ረቂቁ የቦታውን ስም በእንግሊዝኛው የመጽሐፍ ቅዱስ አጠራር ብቻ አስቀምጦት ነበር። እንዲህ ከሆነ አንባቢው ልጁን የሚያስቀምጠው ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ ነው። የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ በመሆኗ ከየአውራጃው የሚመጡ ተማሪዎች የሚሰበሰቡባት ስፍራ ናት፤ ስለዚህም «ጋይንት» የሚለው ተጨምሮ በአማርኛው አነባበብ እንድትጻፍ ተስማምተናል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ቃል እንግባ። «እንገር» ላም ከወለደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትሰጠው ወተት ነው። ወፍራምና የሚያጣብቅ፣ መልኩም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። የወተት ቃላታችንን በሙሉ በአንድ ሰልፍ ብናቆማቸው የዚህ ቃል ልዩ ጠባይ ጎልቶ ይታያል። ወተት ሰንብቶ ሲረጋ እርጎ ይሆናል፤ እርጎ ሲናጥ ቅቤና አሬራ ይለያያሉ፤ አሬራ በእሳት ሲሞቅ አይብና አጓት ይወጣሉ። እነዚህ ሁሉ እያንዳንዳቸው የሰው እጅና ጊዜ የለወጡት ወተት ስሞች ናቸው። ተርጓሚውም ለእርጎ፣ ለቅቤ፣ ለአሬራና ለአጓት በእንግሊዝኛ ሕያው የሆነ አቻ ብዙም ሳይደክም ያገኛል፤ ለአይብም ቢሆን ልክ ባይገጥም የሚቀራረብ አለ። እንገር ግን ከሰልፉ ውጪ ነው። ሰው ሳይለውጠው ከላሟ ሲወጣ ጀምሮ ሌላ ነው። እሳት ላይ ሲጣድም እርሾም እንቁላልም ሳይሹለት በራሱ ይጠጥራል።

የሚጠጥርበት ምክንያት ዛሬ በሚገባ የታወቀ ነው። ተራ የላም ወተት ከመቶ 3 ገደማ ፕሮቲን ሲኖረው በመጀመሪያው አለባ የሚገኘው እንገር እስከ 14 ገደማ ይደርሳል። አብዛኛው ብልጫ ጥጃውን ከበሽታ የሚጠብቁት የመከላከያ ፕሮቲኖች ናቸው፤ እነዚህም በሙቀት እንደ እንቁላል አስኳልና ነጭ ይረጋሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መጠናቸው ስለሚቀንስ የሚፈላውም እንገር እየሳሳ ይሄዳል። እንግዲህ የልጁ ዐይን አልተሳሳተም፤ ፍላኑን በእንቁላል ያረጋው ሙቀት በቤቱ እንገሩን ያለ እንቁላል ያረጋው የነበረው ያው ሙቀት ነው። ልጁ ያየው እውነተኛ ተመሳሳይነት ነበር። ተርጓሚው «ካስተርድ» ያለውም ከዚሁ ተነሥቶ ነው። የስሕተቱ ሥር ያለው መልክን ብቻ በመተርጎሙ ላይ ነው።

ያደግሁት ስማዳ በመሆኑ እንገርን ከመዝገበ ቃላት በፊት ከድስት ነው ያወቅሁት። በእኛ ቤት ጥጃው ከጠባ በኋላ የተረፈው በሌላ ዕቃ ይታለብና በዝግታ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እናቴ እንዳያር ታማስለዋለች፤ እኛም ልጆች ከምድጃው ሥር አንነሣም። ስኳር የሚባል ነገር የለበትም። በጾም ወራት ላም ከወለደች አዋቂው አይቀምሰውም፤ ጾም ያልጀመሩ ሕፃናት ብቻ ይበሉታል። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው እንገር በገበያ የሚገዛ፣ ሲያምር የሚሠራ ምግብ አለመሆኑ ነው። ላም ካልወለደች እንገር የለም። ስለዚህ ቃሉ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ይጠራል፤ ጥሬውን ወተት፣ በእሳት የጠጠረውን ምግብ፣ በቤቱ ውስጥ ጥጃ መወለዱንም። የልጁ ዐይን የፈለገው ሦስተኛውን ነው።

እንግሊዝኛ ለዚህ ነገር ጥንታዊ ቃል የለውም ማለት አይቻልም፤ አለው። «ቢስቲንግስ» ይባላል። ከጥንቱ እንግሊዝኛ የወረደ፣ ከጀርመንኛውና ከደችኛው «ቢስት» ጋር የሚዛመድ ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ ገጠር የገበሬ ሚስቶች ከእንገር ያለ እንቁላል የሚረጋ ምግብ ይጋግሩ ነበር። ነገር ግን የከተማ ሰው ወተቱን ከጠርሙስ ማግኘት ሲጀምርና እንገር ለገበያ ከሚቀርበው ወተት ጋር እንዳይቀላቀል ሲደረግ ምግቡ ከገበታ ወጣ፤ ስሙም ተከትሎት ሄደ። ዛሬ ይህ ቃል ተጽፎ ያየ አብዛኛው እንግሊዝኛ አንባቢ የሚረዳው «የንብ ንድፊያ» ብሎ ነው፤ አጻጻፉ ከዚያ ጋር አንድ ነውና። ትክክለኛውን ቃል አስገብቶ ልጁን በንብ ማስነደፍ የባሰ ነው።

ሌላው በእንግሊዝኛ የቀረው ቃል የላቲኑ «ኮለስትረም» ነው። የላቲኑ ቃል ጥንት የገበሬ ቃል ነበር፤ በስፓኝኛም «ካሎስትሮ» ሆኖ እስከ ዛሬ በሰሜን ስፔን ገጠር በብዙ ቁጥር ሲነገር የሚበላውን ምግብ ጭምር ይጠራል። ትውስታው ወደ ስፓኝኛ ቢተረጎም ኖሮ ችግሩ በአንድ ቃል ይፈታ ነበር። በእንግሊዝኛ ግን «ኮለስትረም» የሐኪም ቤትና የቤተ ሙከራ ቃል ነው፤ እናት ለልጇ በድስት ያፈላችለት ነገር አይመስልም። ምግቡ በሕይወት ባለባቸው አገሮች ስሙም ሕያው ነው። በስዊድን «የጥጃ ጭፈራ» ተብሎ ይጠራል፤ በሕንድ በማራቲ ተናጋሪዎች ዘንድ «ካርቫስ»፣ በቴሉጉ ተናጋሪዎች ዘንድ «ጁኑ» ይባላል። የስዊድኑ ስም ጥጃውን በውስጡ ስለያዘ ለእኛ ዐረፍተ ነገር እንደ ልክ የተሰፋ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ትርጉሙ ወደ ስዊድንኛ አይደለም።

ላዲስላቭ ዝጉስታ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው የመዝገበ ቃላት አዘገጃጀት መጽሐፍ በዐረፍተ ነገር ውስጥ በቀጥታ ሊገባ የሚችለውን አቻ ትርጉሙን ከሚያስረዳው ፍቺ ይለያል። ልዩነቱ ለእኛ ጉዳይ መሠረታዊ ነው። የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ከ«እንገር» አንጻር «ኮለስትረም» ብሎ ቢያስቀምጥ ለመረዳት በቂ ነው፤ ተርጓሚው ይህንኑ ገልብጦ ቢያስገባ ግን አቻ አላገኘም። ስለዚህም በረቂቁ ላይ ያቀረብሁት ሐሳብ እንዲህ ነበር፤ «ፍላን» እንዳለ ይቆይ፤ ልጁ ስሙን የተማረው በኩባ ነውና ስሙ የታሪኩ ክፍል ነው። ይሁን እንጂ ብሪታንያዊው አንባቢ የሊጥ ጋገር እንዳይመስለው ከፊቱ ባለው ዐረፍተ ነገር ስለሚንቀጠቀጠውና ካራሜል ስለተቀባው ገጽታው አንድ ሐረግ ይግባ። «እንገር»ም በራሱ ስም ይጻፍ፤ ከኋላው ላሟ ስትወልድ የምትሰጠውና በእሳት የሚረጋው የመጀመሪያ ወተት መሆኑን የሚናገር አጭር ሐረግ ይከተለው። በዚህ ሐረግ ውስጥ የማይቀነሰው «ስትወልድ» የሚለው ነው፤ ሌላው ሊያጥር ይችላል።

ጉዳዩ በዚህ ባበቃ ነበር፤ ነገር ግን ይኸው ቃል በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሄድ የሚያስከትለው ነገር ከአንድ ትውስታ ውበት ይበልጣል። የጤና ጽሑፎች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለሱ «ኮለስትረም» ለሚለው በሦስት ዐይነት መንገድ ሲተረጎም እናያለን፤ አንዳንዱ ቃሉን በፊደላችን ገልብጦ «ኮለስትረም» ይለዋል፤ ሌላው «የመጀመሪያው ቢጫ ወተት» ይለዋል፤ ሌላው «እንገር» ይለዋል። በአገራችን በአንዳንድ አካባቢ የእናት የመጀመሪያ ወተት ሆድ ይነካል፣ ንጹሕም አይደለም እየተባለ ይደፋና ሕፃኑ ቅቤ እንዲልስ ይደረግ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. (በ2016 እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የጀመሩት ሕፃናት ከመቶ 73 ያህል ናቸው። ለቀሩት እናቶች የሚጻፈው ወረቀት የሚይዘው ቃል እንግዲህ የስያሜ ጨዋታ አይደለም።

በፊደላችን የተገለበጠው «ኮለስትረም» ለነርሷ እንጂ ለወላዷ አይናገርም፤ እንዲያውም «ኮሌስትሮል» ከሚባለው ጋር ሲምታታ ሰምቻለሁ። «የመጀመሪያው ቢጫ ወተት» ግልጽ ይመስላል፤ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። «የመጀመሪያው» ሲባል በየጥቢው መጀመሪያ የሚወጣው ቀጭን ወተት ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። «ቢጫ» የሚለውም የተበላሸ ነገርን መልክ ሊያስታውስ ስለሚችል፣ ወተቱን አትድፊ ብለን እየመከርን የሚያስደፋውን ጥርጣሬ ራሳችን እናቀብላለን።

«እንገር» በሚለው ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ የከብት ቃል ለሰው አይሆንም የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ እንዲሁ የሚጣል አይደለም፤ «ግት» የሚለውን ቃል ለሴት የሚናገር ሰው ነውር ሠርቷል። ሆኖም አማርኛ በሰውና በእንስሳ መካከል የሚያደርገው አጥር በሁሉም ቃል ላይ አንድ አይደለም። «ወለደች»፣ «ወተት»፣ «ጡት» ለሁለቱም ይነገራሉ። «አራስ» የሰው ቃል ሆኖ «አራስ ነብር» እንላለን። «ማለብ»ም ቢሆን በጤና ጽሑፎች ውስጥ ከእናት ጡት ወተት ጋር ገብቶ ተለምዷል። «እንገር» በዚሁ መንገድ መሄድ የሚችል ቃል ነው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጥጃ እንገር ሲበዛበት ያስቀምጠዋል ብለው የሚከለክሉ ከብት አርቢዎች አሉ። ለእነርሱ ቃሉ ከነፍርሃቱ ይመጣል። በአንጻሩ በከተማ ያደገች ወጣት እናት ቃሉን ጨርሶ ላታውቀው ትችላለች። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ችግሮች ቃሉን ለመተው አያበቁም፤ «የእናት እንገር» ተብሎ ባለቤትነቱ ይለይ፤ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ እናት በወለደችባቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትሰጠው ወፍራም ወተት መሆኑ ይነገር፤ ጥቂት መስሎ ቢታይም ለጨቅላው በቂ መሆኑ ይታከል። «ኮለስትረም» ለባለሙያዎች በሚዘጋጀው የቃላት ዝርዝር ውስጥ ይቆይ።

ስለ ትውስታው አንድ ነገር ገና አልተቋጨም። «እንገር»ን በላቲን ፊደል ስንጽፈው እንግሊዝኛው አንባቢ «ገ»ን እንደ «ጀ» አንብቦ ከ«እንጀራ» ጋር ያምታታዋል። ተርጓሚው «ገ» ጠብቃ እንድትነበብ አንድ ፊደል ይጨመር ይላል፤ እኔ ደግሞ የተጨመረው ፊደል ቃሉን «ቁጣ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር እንዳያቀራርበው እሠጋለሁ። ባለታሪኩ ረቂቁን ወስዶ በራሱ እጅ ሁለቱንም አጻጻፍ ሊሞክረው ነው።